ጥርስ ከተነቀለ በኋላ፦ የረጋ ደም፣ ግፊትና ሙቀት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በታችኛው መንጋጋችን ጥግ፣ በአጥንት ውስጥ በአግድም ተጋድሞ የቀረ አንድ ጥርስ በቀዶ ሕክምና አስወጣን። ድዱ በምላጭ ተከፈተ፤ አጥንቱ በጥቂቱ ተቦረቦረ፤ ጥርሱ ለሁለት ተከፍሎ ወጣ፤ ቁስሉም በሦስት ስፌት ተዘጋ። ከወንበሩ ስንነሣ አንዲት ወረቀት ተሰጠችን። በወረቀቷ ላይ በስትሮ መጠጣት፣ መትፋት፣ መጉመጥመጥ፣ ትኩስ ነገር መጠጣት፣ ማጨስ፣ ጎንበስ ብሎ ዕቃ ማንሣት ክልክል መሆኑ፣ ትራስ ጨምሮ መተኛትና በረዶ መያዝም እንደሚገባ በተርታ ተጽፏል። ለምን እንደሆነ የሚናገር ግን አንድም ቃል አልነበረባትም።

ተማሪዎቻችንን «ለምን ብላችሁ ጠይቁ» እያልን የምናስተምር ሰዎች በዚያ ቀን ምንም ሳንጠይቅ ወረቀቷን አጣጥፈን ኪሳችን ከተትን። ሰው ምክንያቱን ያላወቀውን ትእዛዝ እየመረጠ ነው የሚፈጽመው። ፋሻውን እንደተባለው ነክሰን ቆየን፤ ሲጋራ ድሮም አናጨስም። ምሽት ላይ ግን ቤት ውስጥ ቡና ተፈላ። ማደንዘዣው ገና መልቀቁ ነበርና ሕመሙ አልበረታም፤ እንፋሎቱ ያልበረደውን አቦል ጠጣን፤ ቶናውንም ደገምን፤ ከዚያም አፋችንን በውኃ ተጉመጥምጠን በኃይል ተፋን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አፋችን ደም ሞላ። ቤተሰብ ተደናገጠ፤ ጎረቤት ተጠራ፤ መኪና ይፈለግ ተባለ። በመጨረሻ ነገሩን የፈታው አንዲት የታጠፈች ንጹሕ ፋሻና አንድ ሰዓት በጸጥታ መቀመጥ ነው።

በቀጣዮቹ ቀናት ከቤት አልወጣንም። ሥራ ስላልነበረን ያችን ወረቀት መስመር በመስመር በፊዚክስ መመርመር ጀመርን። ውጤቱን ለዚህ መጽሔት አንባቢያን የምናቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም። መጨረሻ ላይ የሚበቅለው ሦስተኛው መንጋጋ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚለው ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ቦታ አጥቶ አጥንት ውስጥ ሲቀር ወይም ድዱን እየደጋገመ ሲያስቆጣ በቀዶ ሕክምና የሚወጣውም በአመዛኙ በዚሁ ዕድሜ ነው። እኛ የጥርስ ሐኪም አይደለንም፤ የዚህ ጽሑፍ ቃልና የሐኪምዎ ቃል ከተለያዩ የሐኪምዎን ይያዙ።

የጉድጓዱ መክደኛ

ጥርስ ሲወጣ በአጥንቱ ውስጥ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። ጉድጓዱ ወዲያው በደም ይሞላል፤ ደሙም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መርጋት ይጀምራል። መጀመሪያ ፕሌትሌት የተባሉት፣ ስፋታቸው 2 ወይም 3 ማይክሮሜትር የሆነ ጥቃቅን የደም አካላት በተቀደዱት የደም ሥሮች ጠርዝ ላይ ይለጠፋሉ። ቀጥሎ በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚዞረው ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን ፋይብሪን ወደተባለ ክር ይለወጣል። ክሮቹ ተጠላልፈው መረብ ይሠራሉ፤ ቀይ የደም ሕዋሳትም በመረቡ ውስጥ እንደ ዓሣ ይያዛሉ።

የረጋው ደም ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ መክደኛ ሆኖ መድማትን ያቆማል፤ የተራቆተውን አጥንትና በውስጡ ያሉትን የነርቭ ጫፎች ከምራቅ፣ ከአየርና ከምግብ ይጋርዳል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የረጋው ደም ለግንበኛ እንደሚቆም መወጣጫ ነው። አዲስ ሥጋ የሚሠሩት ሕዋሳትና ቀጫጭን የደም ሥሮች ከጉድጓዱ ግድግዳ ተነሥተው ወደ ውስጥ የሚገቡት የፋይብሪኑን ክር ተንተርሰው ነው። በአንድ ሳምንት ገደማ የረጋው ደም ቦታውን ለአዲስ ለስላሳ ሥጋ ይለቃል፤ ድዱ በሳምንታት ውስጥ ይገጥማል፤ አጥንቱ ግን የሚሞላው በወራት ነው።

ይህ መክደኛ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከረጋ እርጎ ብዙም የማይጠነክር ነገር መሆኑን ያስታውሱ። የወረቀቷ ትእዛዛት ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህንን ለስላሳ ነገር በቦታው ለማቆየት የተጻፉ ናቸው።

ስለ ግፊት

ከፋሻው እንጀምር። ልብ ስትኮማተር በጤነኛ ወጣት ዋና ዋና ደም ወሳጅ ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት 120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው፤ በእኛ መለኪያ 16 ኪሎፓስካል። መድማትን ለማቆም ከውጭ የምናሳርፈው ግፊት ከዚህ ከበለጠ ይበቃል። ፋሻው በቁስሉ ላይ የሚያርፍበት ስፋት 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆንና በ5 ኒውተን፣ ማለትም በግማሽ ኪሎ ክብደት ብንጫነው 25 ኪሎፓስካል እናገኛለን። የመንጋጋ ጥርሶች በሙሉ ኃይል ሲነክሱ ብዙ መቶ ኒውተን ማሳረፍ ይችላሉና የሚፈለገው ከአቅማችን ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። ስለዚህ ጥርስን ማፋጨት አያስፈልግም፤ ለስለስ ያለ፣ ነገር ግን የማይቋረጥ ንክሻ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኃይሉ ሳይሆን በፋሻው ውፍረት ነው። ፋሻው ቀጭን ከሆነ የላይኛውና የታችኛው ጥርሶች እርስ በርስ ይገናኙና ኃይሉን ሁሉ እነርሱ ይሸከሙታል፤ ቁስሉ ላይ የሚያርፈው ግፊት ባዶ ይሆናል። ፋሻው ከአጎራባቾቹ ጥርሶች ከፍ እስኪል ድረስ ተደራርቦ መታጠፍ፣ የረጋውን ደም ይዞ እንዳይነሣም በንጹሕ ውኃ ረጠብ ማለት አለበት። ከዚያ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ድረስ አውጥቶ ማየት የለም። በየአምስት ደቂቃው «ቆመ ወይስ አልቆመም» እያለ የሚመለከት ሰው በየአምስት ደቂቃው መረቡን እየበጠሰ ነው። በእኛ ቤት በዚያ ምሽት ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የሆነው ይኸው ነበር። ፋሻ ከጠፋ በውኃ የረጠበ የሻይ ከረጢትም ያገለግላል፤ በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን ፕሮቲንን የማኮማተር ባሕርይ አለው።

ምራቅ እስከ ማግስቱ ድረስ ሮዝ መልክ መያዙ አያስደነግጥ። ጥቂት ደም ብዙ ምራቅ ያቀላል።

አሁን ወደ ስትሮው እንምጣ። በስትሮ ስንጠጣ ፈሳሹን የምንስበው እኛ ሳንሆን ወደ ላይ የሚገፋው የከባቢው አየር ነው፤ የእኛ ድርሻ በአፋችን ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ነው። ከብርጭቆ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ውኃ ለማውጣት የአፋችንን ግፊት በ2 ኪሎፓስካል ዝቅ ማድረግ አለብን። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁንና በጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች መነሻ ላይ ያለው ግፊት ከአየሩ ግፊት የሚበልጠው በ4 ኪሎፓስካል ገደማ ብቻ ነው። በአፍ ውስጥ ያለው አየር በ2 ሲቀንስ ልዩነቱ 6 ይሆናል፤ ለቁስሉ ይህ ማለት ደሙ የሚገፋበት ኃይል በግማሽ ጨመረ ማለት ነው። መጠጡ እንደ አቮካዶ ጭማቂ ወይም እንደ አጥሚት ወፍራም ሲሆን ዝልግልግነቱ ደግሞ የሚያስፈልገውን ስበት እጅግ ያበዛዋል። አንድ ሜትር በሚያህል ቀጭን ቱቦ ውኃ ወደ ላይ መሳብ የሚችል ሰው ብዙ ነው፤ ይህ 10 ኪሎፓስካል ነው። የጉድጓዱ አፍ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይህ ልዩነት በረጋው ደም ላይ እስከ 1 ኒውተን፣ ማለትም የሁለት እንቁላል ክብደት የሚያህል ኃይል ወደ ውጭ ሊያሳርፍበት ይችላል። እንትፍ ለማለት ጉንጫችንን ስናጠብቅ፣ ሲጋራም ሆነ ሺሻ ስንስብ የሚደርሰው ከዚሁ የተለየ አይደለም።

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ይገባናል። ስሌቱ አደጋው ሊኖር እንደሚችል ያሳያል እንጂ በስትሮ የጠጡ ሰዎች ሁሉ መክደኛቸው ይነቀላል አይልም፤ ስትሮ ብቻውን ጥፋት ስለማድረሱ ያለው ማስረጃም ስስ ነው። እኛ ግን መከልከሉን እንደግፋለን፤ ለጥቂት ቀናት በብርጭቆ መጠጣት የሚያስከፍለው ነገር የለምና።

አንድ ተማሪ «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ታዲያ እዚህ ሁልጊዜ በስትሮ እንደምንጠጣ ሆነን ልንደማ አይገባም?» ብሎ ጠይቆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በአዲስ አበባ 77 ገደማ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የአየሩ ግፊት መላ ሰውነታችንን ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚጫን ከደሙ ግፊት ሥርም አብሮ ይቀንሳል፤ ልዩነቱ አይለወጥም። ስትሮ የሚያደርገው ግን የአፍን ግፊት ብቻ ነጥሎ መቀነስ ነው።

ትራስና ጀሪካን

ቀጥ ብለን ስንቀመጥ አፋችን ከልባችን በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የደም ጥግግት፣ የስበት ፍጥነትና ይህ ከፍታ ሲባዙ 3 ኪሎፓስካል ወይም 23 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ስለዚህ በልብ አጠገብ 120 የነበረው ግፊት አፍ ጋ ሲደርስ 97 ነው። በጀርባችን ዝርግ ብለን ስንተኛ ይህንን ቅናሽ በሙሉ እናጣዋለን። በሁለት ትራስ ጭንቅላታችንን 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስናደርግ ግማሹን ያህል እናስመልሳለን፤ ይህም ለመድማት ብቻ ሳይሆን ለእብጠትም ይረዳል። በተቃራኒው ጀሪካን ለማንሣት ጎንበስ ያለ ሰው አፉን ከልቡ በታች ያወርዳል፤ ቅናሹ ወደ ጭማሪ ይለወጣል፤ በዚያ ላይ ትንፋሽን ይዞ ማማጥ ግፊቱን የበለጠ ይሰቅለዋል። ሰውነት ይህንን መዋዠቅ በራሱ መንገድ ያለዝበዋል፤ ቢሆንም ለሁለትና ለሦስት ቀን ውኃ መቅዳቱን፣ ኳሱንና ሩጫውን ለሌላ ሰው መተው ይበጃል። የዶርም ተማሪ ከሆኑ የታችኛውን አልጋ ይለምኑ፤ እንዲህ ያለ ልመና አያሳፍርም።

የእኛ ቡና ለምን ያን ያህል ጉዳት አደረሰ? መልሱን ያገኘነው በእ.ኤ.አ. 1840ዎቹ ፈረንሳዊው ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ ፕዋዜይ ካሳተመው ሕግ ነው። ፕዋዜይ ስለ ደም ዝውውር ለማወቅ በቀጫጭን የብርጭቆ ቱቦዎች ውስጥ ፈሳሽ እያሳለፈ መረመረ፤ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠን በቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ እንደሚጨምርም አገኘ። የደም ሥር ሬዲየስ በ20 ከመቶ ቢሰፋ የሚያልፈው ደም በ20 ከመቶ አይደለም የሚጨምረው፤ ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ለጥርስ ቀዶ ሕክምና በብዛት የሚሰጠው ማደንዘዣ ሊዶኬይን ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ኒልስ ሎፍግሬን እ.ኤ.አ. በ1943 የሠራው ይህ መድኃኒት በነርቭ ሕዋስ ግድግዳ ላይ የሶዲየም አዮን የሚያልፍባቸውን በሮች ይዘጋል፤ ሶዲየም ካልገባ የሕመሙ ምልክት ወደ አንጎል አይጓዝም። ማደንዘዣው ቶሎ በደም ታጥቦ እንዳይሄድ ብዙ ጊዜ ጥቂት አድሬናሊን ይቀላቀልበታል፤ አድሬናሊን የደም ሥሮችን ያጠብባል። ከሰዓታት በኋላ አድሬናሊኑ ሲያልቅ ሥሮቹ እንደገና ይሰፋሉ። እንግዲህ በዚያ ምሽት የሆነውን ልብ ይበሉ፤ ሥሮቹ በራሳቸው ሰዓት ሊሰፉ በተቃረቡበት ጊዜ እኛ በትኩስ ቡና ይበልጥ አሰፋናቸው፤ በአራተኛ ርቢ! ቀጥለን በመጉመጥመጥ ገና ያልጠነከረውን መረብ አናጋነው፤ በመትፋትም ሳብነው። ሦስት ስሕተት በሩብ ሰዓት ውስጥ።

ከንፈርና ምላስ ደንዝዘው ሳሉ ትኩስ ነገር መጠጣት ሌላም መዘዝ አለው፤ ሰው ሳያውቀው ምላሱን ይቃጠላል፣ ጉንጩን ያኝካል። ከንፈሩ እስኪነቃ፣ ማለትም ለሦስት፣ ለአምስት ሰዓት ያህል፣ መታገሥ ነው።

በረዶው፣ ፍሪጅ ለሌለውም

ፊት የሚያብጠው ከተቆጡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ፈሳሽ እየሾለከ በሥጋው መካከል ሲጠራቀም ነው። ብርድ ሥሮቹን ስለሚያጠብብ መሹለኩን ይቀንሳል፤ የሕመሙንም ስሜት ያደበዝዛል። ወረቀቷ «15 ወይም 20 ደቂቃ ይያዙ፤ ያንኑ ያህል ይረፉ» ትላለች። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሙቀት በሥጋ ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት አሰላን። ለውጡ አንድ ርቀት ለመዝለቅ የሚፈጀው ጊዜ በርቀቱ ካሬ ይጨምራል፤ ለሥጋ 1 ሴንቲ ሜትር ለመዝለቅ 12 ደቂቃ ገደማ ይወጣል። ጉንጭን አልፎ አጥንቱ አጠገብ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ማስፈለጉ እንግዲህ አያስገርምም። ለሦስት ደቂቃ ይዞ «ምንም አልረዳኝም» ብሎ የሚጥል ሰው ያቀዘቀዘው ቆዳውን ብቻ ነው። ከመጠን በላይ ማቆየት ደግሞ ቆዳውን ስለሚጎዳ በረዶው በጨርቅ ይጠቅለል፤ ዕረፍቱም አይዘለል። ጥቅሙ በመጀመሪያው፣ ቢበዛ በሁለተኛው ቀን ነው። ጥናቶቹ ስለ በረዶ በአንድ ድምፅ እንደማይናገሩም እንጨምር፤ ሕመምን ስለማስታገሱ ያለው ድጋፍ እብጠትን ስለመቀነሱ ካለው የተሻለ ነው።

በረዶ ሲቀልጥ በግራም 334 ጁል ሙቀት ይወስዳል። በትንሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ የቀዘቀዘ ውኃ ለዚህ ፍጹም ተስማሚ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ፍሪጅ በሌለበት ቤትስ? እንስራ ያስተምረናል። በእንስራ ያለ ውኃ የሚቀዘቅዘው በገላው ሰርጎ የሚወጣው እርጥበት በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው፤ አንድ ግራም ውኃ ሲተን ወደ 2,400 ጁል፣ ማለትም አንድ ግራም በረዶ ሲቀልጥ ከሚወስደው ሰባት እጥፍ ይወስዳል። በእንስራ ውኃ የተነከረ ስስ ጨርቅ ጉንጭ ላይ አድርጎ በማራገቢያ ማራገብ፣ በተለይ አየሩ ደረቅ በሆነበት በበጋ፣ በረዶን ባይተካም የሚናቅ አይደለም። በክረምት፣ አየሩ በእርጥበት ሲጠግብ፣ ብዙ አይጠቅምም።

ስለ ማስታገሻ መድኃኒት ጥቂት እንበል። ሕመሙ ሳይነሣ፣ ማደንዘዣው ገና ሳይለቅ የመጀመሪያውን መውሰድ ይመረጣል። አይቡፕሮፌን የሕመምንና የእብጠትን መልእክት የሚያጎሉትን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ኬሚካሎች መሠራት ይገታል፤ ይህንን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1971 የገለጠው ጆን ቬን በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ከሦስተኛ መንጋጋ ቀዶ ሕክምና በኋላ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ተጣምረው ከየብቻቸው የበለጠ እንደሚያስታግሱ በሚገባ ተጠንቷል። ይሁን እንጂ የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይቡፕሮፌንን ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካ፤ ከዲክሎፌናክ ጋርም አይደርበው፤ ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ለጎልማሳ ፓራሲታሞል በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ማለፍ የለበትም። አስፕሪን ግን የፕሌትሌትን ሥራ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ፣ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚያሰናክል ለሕመሙ ብሎ መዋጥ አይገባም፤ ሐኪም ለልብ ያዘዘለት ደግሞ ሳያማክር አያቋርጥ።

ጨው፣ በርበሬና የጎረቤት ምክር

መጉመጥመጥ የሚፈቀደው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም ለብ ባለ የጨው ውኃ። ለምን ጨው? የሕዋስ ግድግዳ ውኃን ያሳልፋል፤ ጨውን ግን እንደልቡ አያሳልፍም። በሕዋስ ውስጥ ያለው ሟሙ ውኃን ወደ ራሱ የሚስብበት ግፊት ሲሰላ ከ7 አትሞስፌር በላይ ነው። ንጹሕ ውኃ ክፍት ቁስል ላይ ሲፈስ ውኃው ወደ ሕዋሳቱ ይገባል፤ ያቆጠቁጣል። በሊትር 9 ግራም ጨው ያለበት ውኃ ግን ከሰውነት ፈሳሽ ጋር የተመጣጠነ በመሆኑ አይገባም አይወጣም። በቤት መለኪያ ይህ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያህል ነው። «ጨው ሲበዛ የበለጠ ያጸዳል» ብሎ ማንኪያ ሙሉ መጨመር ሕዋሳቱን ውኃ ማስጠማት ነው። ውኃው ቢፈላ ይመረጣል። በአዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆኑ ቦታዎች ለሦስት ደቂቃ ያህል እንዲንተከተክ ይመከራል። ጉንጭን እየነፉ ማንቀጫቀጭ የለም፤ ውኃውን ይዞ ጭንቅላትን ወዲህ ወዲያ ማዘንበል፣ ከዚያም አፍን ከፍቶ በራሱ እንዲወርድ መተው ነው።

ምግብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለስላሳና የቀዘቀዘ ወይም ለብ ያለ ይሁን፤ እርጎ፣ አጥሚት፣ የተፈጨ ድንች፣ አልጫ ሽሮ፣ በደንብ የራሰ እንጀራ። ቆሎና ፋንዲሻ ግን ገለባቸው ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚሰነቀር ለሳምንታት ይቅሩ። ጫትም እንዲሁ፤ የተመነዠከው ቅጠል የሚከማችበት ጉንጭ ቁስሉ ያለበት ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ የሚያቃጥሉት በስሜት ብቻ ነው ብሎ የሚከራከር ተማሪ አይጠፋም። በእርግጥም ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ከ43 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲኖር የሚከፈተውን የነርቭ በር ያለ ሙቀት ይከፍታል፤ ይህንን በር እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 ለኖቤል በቅቷል። ዳሩ ግን ያ ነርቭ በሩ ሲከፈት በዙሪያው ያሉትን የደም ሥሮች የሚያሰፋ ኬሚካል ይረጫል። ስለዚህ «የውሸት ትኩሳት» የእውነት መቅላትና ማበጥ ያስከትላል።

ታማሚን መጠየቅ ወጋችን ነውና በሁለተኛው ቀን ቤታችን ሞላ። አንዲት የምናከብራቸው ጎረቤት ጉንጫችንን አይተው «ልጄ፣ አረቄ ያዝበት፤ ቁስሉን ያደርቀዋል» አሉን። ሌላው ነጭ ሽንኩርት ይቀጥቀጥ አሉ፤ ሦስተኛው ቅርንፉድ። አረቄና የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጥሬ ሥጋን ስለሚያቃጥሉ በትሕትና አልፈናቸዋል። ስለ ቅርንፉድ ግን ሰውየው ከፊል እውነት ነበራቸው፤ በውስጡ ያለው ዩጂኖል የማደንዘዝ ባሕርይ ስላለው የጥርስ ሐኪሞችም ይገለገሉበታል። ነገር ግን ሐኪም አጽድቶ የሚያስቀምጠው መድኃኒትና በቤት በጉድጓዱ የሚወተፍ የቅርንፉድ ፍሬ አንድ አይደሉም። የአንቲባዮቲክ ፍሬ ከኪሳቸው ያወጡም ነበሩ። ይህ ካለ ሐኪም ትእዛዝ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ቀን

ብዙ ሰው የሚሸበረው ወይም መሸበር ሲገባው ዝም የሚለው በሦስተኛው ቀን ነው። እብጠት በማግስቱ አይጎድልም፤ ይጨምራል። ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ አፍ በደንብ አለመከፈቱና ጉንጭ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ማዘንበሉም የተለመደ ነው፤ ቀለሙ የሚመጣው የፈሰሰው ሄሞግሎቢን ሲፈራርስ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም በየቀኑ መቀነስ አለበት። መመልከት ያለብን መጠኑን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውን ነው።

አቅጣጫው ሲገለበጥ፣ ማለትም ሕመሙ እየተሻለ ቆይቶ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን በድንገት ሲብስ፣ ወደ ጆሮ ሲወጋ፣ አፍ ሲሸት፣ በጉድጓዱም የረጋ ደም ሳይሆን ግራጫማ አጥንት ሲታይ፣ መክደኛው ጠፍቷል። አሜሪካዊው ክሮፎርድ እ.ኤ.አ. በ1896 «ድራይ ሶኬት»፣ ደረቅ ጉድጓድ፣ ያለው ይህንን ነው። በተራ ነቀላ ከመቶ ሰው ሁለት እስከ አምስት በሚሆነው ይደርሳል፤ በታችኛው ሦስተኛ መንጋጋ ቀዶ ሕክምና ግን ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ቢርን እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ ባደረገው ጥናት፣ መክደኛው ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ተነቅሎ ብቻ ሳይሆን የፋይብሪኑ መረብ በኬሚካል ቀድሞ ስለሚሟሟ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ሁሉን ትእዛዝ ፈጽሞም የሚደርስበት ሰው አለ፤ ጥፋተኛ አድርጎ መውቀስ አይገባም። የሚያጨሱ ሰዎችና የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ሴቶች የበለጠ ይጋለጣሉ። ማስታገሻ እየደራረቡ ቤት መሰቃየት ግን ከንቱ ነው፤ ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ሲያስቀምጥበት ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ይበርዳል።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ከላይ በገለጽነው መንገድ ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ተነክሶ ያልቆመ መድማት፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ መግል፣ በማግስቱም ያልለቀቀ የከንፈር ወይም የምላስ መደንዘዝ እንዲህ ያሉ ናቸው። እብጠቱ ወደ አንገት ወርዶ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሌሊትም ቢሆን ንጋትን አይጠብቁ።

ስፌታችን በሰባተኛው ቀን ተፈታ። ጉድጓዱ ለሳምንታት ምግብ ይይዝ ስለነበር መርፌ በሌለው ሲሪንጅ የጨው ውኃ ቀስ እያደረግን እናጥበው ነበር፤ ሐኪሙ የፈቀዱልን ከሳምንት በኋላ ነው። ከወራት በኋላ ለሌላ ጥርስ በተነሣነው ራጅ ላይ የድሮው ጉድጓድ ጠርዝ እንደ ስስ ነጭ መስመር ገና ይታይ ነበር፤ በመካከሉ ግን አዲሱ አጥንት ብዙውን ሞልቶታል።